ስለ ጭንቀት ማውራት አንጎል ውስጥ ምን ይለውጣል?

እንቅልፍ አጥ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከጭንቀት ጋር ብዙ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። በስብሰባ ላይ መናገር የሚኖርብኝ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ ሌሊት ከእንቅልፌ እነቃና ገና ያልተናገርኩትን ንግግር በሐሳቤ ደጋግሜ ሳበላሸው አነጋለሁ። ከስድስት ሳምንት ወዲህ ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ እየሄድኩ ነው። የምታሠራኝ ነገር ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፦ የምፈራው ቀን ከመድረሱ በፊት ምን ይደርስብኛል ብዬ እንደምሰጋ በደብተር ታስጽፈኛለች፤ ያ ነገር እንደሚደርስብኝ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንኩም ከመቶ ቁጥር እንድሰጥ ታደርገኛለች፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ ደግሞ በእርግጥ የሆነውን ከጎኑ እጽፋለሁ። የቀረውን ጊዜ እናወራለን።

ታላቅ ወንድሜ ደብተሩን አየና፣ በክፋት ሳይሆን አዝኖልኝ፣ «የታመመው ነርቭህ ከሆነ ነርቭ በመድኃኒት እንጂ በወሬ አይታከምም» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ውስጥ ውስጡን ይህንኑ ስጠረጥር ነበር። ንግግር አየር ነው፣ አንጎል ሥጋ ነው፤ አየር ሥጋን እንዴት አድርጎ ይለውጣል?

ስለዚህ ነገሩን የምታውቁ ሰዎች እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። እንዲህ ያለው የንግግር ሕክምና አንጎል ውስጥ የሚታይና የሚለካ ነገር ይለውጣል ወይስ የሚለወጠው «ተሻለኝ» የሚለው ስሜት ብቻ ነው? ለውጥ ካለስ መድኃኒት ከሚያመጣው ለውጥ ጋር አንድ ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ፤ አራት ደኅና ሳምንታት ካሳለፍኩ በኋላ ባለፈው ሰኞ ጠዋት የድሮው መርበትበት እንዳለ ተመልሶ መጣብኝ። የተለወጠ ነገር ከነበረ የት ሄደ?

ሲናፕስ

በነርቭ ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ላይ ነኝ። ሐኪም አይደለሁምና የምጽፈው በዚያው ልክ ይወሰድልኝ።

ከወንድምዎ አባባል ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ሰው የነገረዎትን ነገር በማግስቱ ካስታወሱት፣ በመካከሉ አንጎልዎ ውስጥ አንድ ነገር በአካል ተለውጧል ማለት ነው፤ የማይለወጥ አንጎል ምንም ሊያስታውስ አይችልም። ኤሪክ ካንደል የሚባል፣ መጀመሪያ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ሳይንቲስት፣ አፕሊዥያ በተባለች የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ለአሥርት ዓመታት ባደረገው ምርምር፣ ትምህርት በነርቭ ሴሎች መገናኛ ማለትም በሲናፕስ ላይ ምን እንደሚሠራ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ይህችን እንስሳ ደጋግመው ሲያስደነግጧት የነርቭ ሴሎቿ አዳዲስ መገናኛዎችን ያወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀለል ባለ ንክኪም ለብዙ ቀናት ትበረግጋለች። ካንደል ገና በ1979 በጻፈው ጽሑፍ፣ የሥነ ልቦና ሕክምና ውጤት የሚያመጣ ከሆነ የሚያመጣው በዚሁ በትምህርት መንገድ፣ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙበትን ብርታት በመለወጥ መሆን አለበት ብሎ ተከራክሮ ነበር። እርስዎ አየር ያሉት ነገር ወደ ሥጋ የሚገባው በዚህ በር ነው።

አሁን ወደ ጭንቀቱ እንምጣ። በአንጎላችን ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በቅርጹ የአልሞንድ ፍሬ የሚመስል አሚግዳላ የሚባል ክፍል አለ። ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አደጋን ቀድሞ ማሽተት ነው። ጆሴፍ ለዱ የተባለው ተመራማሪ በአይጦች ላይ እንዳሳየው የስሜት ሕዋሳት መልእክት ወደ አሚግዳላ የሚደርስበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው ታላመስ ከሚባለው ማከፋፈያ በአቋራጭ የሚመጣ ፈጣን ግን ብዥ ያለ መልእክት ሲሆን፣ ሌላው በአንጎል ቅርፊት በኩል ዞሮ፣ ዘግየት ብሎ፣ ነገሩን ለይቶ አይቶ የሚመጣ ነው። «በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነብራል» የምንለው የአቋራጩን መንገድ ጠባይ ነው፤ ሰውዬው ዘልሎ ከተፈናጠረ በኋላ ነው ልጥነቱ የሚገባው። ጭንቀት የጸናበት ሰው ግን ሌላም ችግር አለበት። ልጡ ባለበት መንገድ ሁለተኛ ስለማያልፍ፣ ልጥ መሆኑን የሚማርበት አጋጣሚ አያገኝም። ከስብሰባ የቀሩበትን ወይም «ጉሮሮዬን አሞኛል» ብለው ንግግሩን ለሌላ ሰው የሰጡበትን ቀን ያስታውሱ፤ እፎይታው ደስ ይላል፣ አንጎል ግን የሚመዘግበው «ስለሸሸሁ ተረፍኩ» የሚለውን ነው።

የባለሙያዋ ደብተር የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። አንጎል በተለይ የሚማረው የጠበቀው ነገርና የሆነው ነገር ሲለያዩበት ነው። «ይስቁብኛል፣ 80 ከመቶ» ብለው ጽፈው ማንም ሳይስቅ ሲቀር ያ ልዩነት በጽሑፍ ስለተያዘ «ዕድል ሆኖልኝ ነው» ብለው ሊያልፉት አይመችዎትም። ሚሼል ክራስክ የተባለችው የጭንቀት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ይህን አሠራር በሰፊው አስተምራለች፤ ዋናው ነገር ፍርሃቱ እስኪበርድ መጠበቅ ሳይሆን የተጠበቀው ክፉ ነገር ሳይደርስ መቅረቱን አንጎል በደንብ እንዲያየው ማድረግ ነው።

ስሜትን በቃል መጥራት ብቻውን እንኳ የሚታይ ነገር አለው። በ2007 ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ተሳታፊዎች የተቆጡና የፈሩ ፊቶችን በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ሆነው ሲያዩ፣ ፊቱ ላይ ያለውን ስሜት በስሙ ሲጠሩት የአሚግዳላቸው ምላሽ ቀንሶ፣ በቀኝ በኩል ያለ አንድ የፊት አንጎል ክፍል ሥራው ጨምሮ ታይቷል። ለፊቱ የሰው ስም ሲመርጡለት ግን ይህ አልሆነም። ወንድምዎ ወሬ የሚሉት ነገር ከፊሉ ይህ ነው።

ከሕክምና በፊትና በኋላ የተነሡ የአንጎል ምስሎችም አሉ። በ1992 የሉዊስ ባክስተር ቡድን፣ ያኔ ከጭንቀት ሕመሞች ጎራ ይመደብ በነበረው፣ አንድን ሐሳብና ድርጊት ሳይወዱ በግድ በሚያስደጋግመው ሕመም ላይ ባደረገው ጥናት፣ ፍሉኦክሰቲን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱትም ሆኑ የባህርይ ሕክምና ያገኙት፣ በተሻላቸው ሰዎች ላይ በቀኝ በኩል ያለው ኮዴት የሚባል ክፍል የሚያቃጥለው ስኳር ቀንሶ አግኝቷል። በ2002 ደግሞ በስዊድን የቶማስ ፉርማርክ ቡድን ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራቸውን 18 ሰዎች ንግግር እያደረጉ መረመራቸው። ገሚሶቹ ለዘጠኝ ሳምንት ሲታሎፕራም የተባለ መድኃኒት ወሰዱ፣ ገሚሶቹ በቡድን የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና አገኙ፣ የቀሩት ወረፋ ጠበቁ። በተሻላቸው ሰዎች፣ ሕክምናው መድኃኒትም ይሁን ንግግር፣ ሲናገሩ ወደ አሚግዳላና በትዝታ ሥራ ላይ ወዳለው ሂፖካምፐስ ወደሚባል ክፍል የሚጎርፈው ደም ቀነሰ። ወረፋ ጠባቂዎቹ አልተሻላቸውም። ለሁለተኛው ጥያቄዎ አጭሩ መልስ እንግዲህ፣ ሁለቱ መንገዶች ቢያንስ በከፊል አንድ ቦታ ይገናኛሉ የሚል ነው።

ሊፍት ፈሪ

እኔ ሳይንሱን ከእናንተ ነው የምማረው፤ የማውቀው ወንበሩን ነው። ለምን ወንበር እንዳልኩ ልንገራችሁ።

የእኔ ጭንቀት ድንገት የሚመጣ ነበር። የመጀመሪያው ሊፍት ውስጥ ያዘኝ፤ ልቤ ከደረቴ ዘልሎ የሚወጣ መሰለኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ በሩ ሲከፈት በግድግዳው ተደግፌ ወጣሁ። ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ፤ ልቤን መርምረው «ምንም የለብህም» አሉኝ፤ ያ ቃል ለአንድ ሰዓት አሳረፈኝና ከዚያ በኋላ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ፤ የሕመሜን ስም የሚያውቅ እንኳ አልተገኘም ማለት ነው ብዬ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሊፍት ብቻ ሳይሆን ልቤን በፍጥነት የሚያስመታ ነገር ሁሉ ጠላቴ ሆነ፤ ደረጃ፣ ቡና፣ ሙቀት፣ ሩጫ።

ስለ ችግሬ ሦስት ሳምንት ካወራን በኋላ ባለሙያው በአራተኛው ሳምንት የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ከጥግ አወጣና «ተቀመጥ» አለኝ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሊያሽከረክረኝ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወረቀት ሰጠኝና ምን ይሆናል ብዬ እንደማስብ ጠየቀኝ። «ራሴን ስቼ እወድቃለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ እርግጠኝነቴ 95። አሽከረከረኝ። ክፍሉ ዞረ፣ አላበኝ፣ ምራቄ በዛ፣ ልቤ ደለቀ፤ አልወደቅሁም። ተቀምጠን ስለዚሁ አወራን፤ ምን ተሰማህ፣ የት ተሰማህ፣ ስሙ ማነው። ደግሞ አሽከረከረኝ። በሦስተኛው ዙር ቁጥሬ 40 ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት በቀጭን የመጠጥ መምጠጫ ብቻ አፍንጫዬን ይዤ እንድተነፍስ አደረገኝ፤ እሱ ከወንበሩ ይከፋል።

በኋላ ሲያስረዳኝ፣ ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከልብ፣ ከሳንባና ከአንጀት የሚመጣውን ወሬ ተቀባይ እንደሆነ፣ የእኔም ችግር ልቤ መምታቱ ሳይሆን የልቤን ምት እንደ ሞት መልእክተኛ መተርጎሜ እንደሆነ ነገረኝ። ይህ ማብራሪያ ጠቅሞኛል፤ ነገር ግን የጠቀመኝ ከወንበሩ በኋላ ስለመጣ ነው። ለወራት «ፍርሃት አይገድልም» እያልኩ ለራሴ ስናገር ኖሬ ምንም አላመጣም። ልቤ እየደለቀ ተቀምጬ ሳልወድቅ ስቀር ግን ያው ዓረፍተ ነገር የሚያርፍበት ቦታ አገኘ።

ስለዚህ ለወንድምህ ልትነግረው የምትችለው አንድ ነገር አለ፤ ይቅርታ፣ «አንተ» ብዬ ስጠራህ የቀረብከኝ ስለመሰለኝ ነው። የንግግር ሕክምና ሲባል ሁለት ሰው ተቀምጦ ማውራት ብቻ ይመስላል። ወሬው ግን የምታደርገውን ነገር የሚያዘጋጅልህና በኋላም ትርጉሙን የሚያስይዝልህ ነው።

ምስል ክፍል

የኤምአርአይ ማሽን ላይ ነው የምሠራው፤ የሰውን ጭንቅላት ምስል በየቀኑ ሳነሣ እውላለሁ። ሲናፕስ የጻፈው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ከምስሎቹ በላይ እንዳንሄድ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር።

በእንዲህ ያሉ ጥናቶች ላይ የምናያቸው ቀይና ቢጫ ነጠብጣቦች የሐሳብ ፎቶግራፍ አይደሉም። ፈንክሽናል ኤምአርአይ የሚለካው በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከቦታ ቦታ የሚያሳየውን ትንሽ ልዩነት ነው፤ ሴሎቹ ሲሠሩ ደሙ የሚደርሰው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው። ቀለሙን የሚቀባው ኮምፒዩተሩ ሲሆን፣ የሚቀባውም ብዙ ሺህ ጥቃቅን ቦታዎችን በስሌት አወዳድሮ ነው። ስሌቱን ያለጥንቃቄ ቢሠሩት ምን እንደሚመጣ ለማሳየት በ2009 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን የሞተ ሳልሞን ዓሣ ማሽን ውስጥ አስገብቶ የሰዎች ፎቶ «አሳይቶታል»፤ የስሌቱ እርማት ሲቀር ዓሣው አንጎል ውስጥ «ሥራ» ተገኘ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ለእኛ ግን አሁንም ትምህርት ነው።

ሁለተኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። ሲናፕስ የጠቀሰው የ2002ቱ ጥናት 18 ሰው ለሦስት ከፍሎ ነው፤ በአንድ ቡድን ስድስት ሰው ማለት ነው። በ2003 በሞንትሪያል ሸረሪት በሚፈሩ 12 ሴቶች ላይ የተሠራውም ታዋቂ ጥናት አነስተኛ ነው። ስለዚህኛው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚወራው ታሪክ «ሕክምና ፊት ለፊት ያለውን አስተዋይ አንጎል ያበረታና ፈሪውን አሚግዳላ ያሳርፋል» የሚል ነው። በሞንትሪያሉ ጥናት ግን ከሕክምናው በፊት የሸረሪት ፊልም ሲታይ በቀኝ በኩል የፊት አንጎል ሥራ ይታይ ነበር፣ ከሕክምናው በኋላ ደግሞ ጠፋ። ምናልባት የሚታገለው ነገር ሲቀንስ ትግሉም ቀንሶ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ምስሉ ሁልጊዜ የምንጠብቀውን ተረት አይነግረንም።

አሚግዳላም «የፍርሃት ቤት» ብቻ አይደለም። ለዱ ራሱ በኋለኞቹ ዓመታት፣ አሚግዳላ አደጋን ለይቶ ሰውነትን የሚያዘጋጅ ክፍል እንጂ እኛ «ፈራሁ» የምንለውን ስሜት ብቻውን የሚፈጥር እንዳልሆነ አጥብቆ ጽፏል። በ2013 በወጣ ጥናት ደግሞ በሕመም ምክንያት ሁለቱም አሚግዳላዎቻቸው የተጎዱባቸው ሦስት ሰዎች 35 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር አንድ ጊዜ ሲስቡ ሦስቱንም ኃይለኛ ድንጋጤ ያዛቸው። ከእነርሱ አንዷ ከዚያ በፊት እባብም ሆነ አስፈሪ ፊልም የማያስፈራት ተብላ በምርምር ጽሑፎች የታወቀች ሴት ናት። ሊፍት ፈሪ ስለ ትንፋሹ የነገረን ነገር እዚህ ጋር ይገናኛል፤ ከሰውነት ውስጥ የሚነሣ ድንጋጤ የራሱ መንገድ አለው።

ይህን ስል ለውጥ የለም ማለቴ አይደለም። በ2016 በስዊድን የክሪስቶፈር ማንሶን ቡድን ሰው ፊት መቅረብ የሚያስጨንቃቸውን 26 ሰዎች አጥንቶ፣ ለዘጠኝ ሳምንት በኢንተርኔት የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ያገኙት ላይ የአሚግዳላው ምላሽ ብቻ ሳይሆን መጠኑም ጥቂት እንደቀነሰ አግኝቷል። በስክሪን የተላለፈ ጽሑፍና የቤት ሥራ ይህን ማድረጉ ለእኔ ለባለሙያው እንኳ አስገራሚ ነው። እነዚህ ግን የብዙ ሰው አማካይ ናቸው። ነገ አንድ ሰው መጥቶ «ሕክምናው ሠርቶልኝ እንደሆነ አንጎሌን አንሥተህ ንገረኝ» ቢለኝ ከምስሉ ልነግረው አልችልም፤ ማንም ሊነግረው አይችልም። ለዚህ ብለው ገንዘብ አያውጡ። ስብሰባው ላይ ተገኝተው እንደሆነና እዚያ ምን እንደሆነ የሚያሳየው ያ ደብተርዎ ለእርስዎ ጉዳይ ከእኔ ማሽን የተሻለ መሣሪያ ነው።

እንቅልፍ አጥ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሊፍት ፈሪ፣ «አንተ» በለኝ፣ ደስ ይለኛል። ወንድሜ የጻፋችሁትን አነበበው፤ በዓሣው ሳቀ፣ በባሕር ቀንድ አውጣዋ ዝም አለ፣ «እንግዲህ ይሁን» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። ከእርሱ ይህ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ሰኞ ለምን ተመለሰብኝ? ልዩነት ያለው ከሆነ ልጨምር፦ ደኅና የነበሩት ሳምንታት ሁሉ ስብሰባው በለመድኩት ክፍል፣ ከማውቃቸው ሰዎች ጋር ነበር። ሰኞ ዕለት ግን በሌላ ሕንፃ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሆነ፤ በዚያ ላይ ሌሊቱን ብዙም አልተኛሁም። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከዓመት በፊት ሐኪም ያዘዘልኝ የሚያረጋጋ ኪኒን በኪሴ ይዤ ነው የምሄደው። አንዳንዴ ከስብሰባ በፊት ግማሹን እወስዳለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳልወስደው ኪሴ ውስጥ እዳስሰዋለሁ። ይህንን ለባለሙያዋ አልነገርኳትም።

ሲናፕስ

ሦስተኛውን ጥያቄ መዝለሌ ጥፋቴ ነው፤ ይልቁንም ከሦስቱ ዋናው እርሱ ነበር።

ሕክምናው የድሮውን ፍርሃት አልፋቀውም። ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ ያየው ነገር ነው፤ ደወሉ ያለ ምግብ ደጋግሞ ሲደወል ምራቃቸው መፍሰሱን ያቆማል፣ ነገር ግን ጥቂት ጊዜ አርፎ ደወሉ እንደገና ሲሰማ ምራቁ በከፊል ይመለሳል። የጠፋ የመሰለው ትምህርት እዚያው ነበር ማለት ነው። የተጨመረው «ይህ ደወል አሁን ምንም አያመጣም» የሚል ሁለተኛ ትምህርት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ትምህርቶች ይሽቀዳደማሉ። በ2002 ሞሐመድ ሚላድና ግሪጎሪ ኩርክ በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ፍርሃትን ማብረድ የተማሩ አይጦች በማግስቱ ያንን ድምፅ ሲሰሙ ከፊት አንጎል በታችኛው መካከል ያሉ የተወሰኑ ሴሎች ይተኩሳሉ፤ እነዚህ ሴሎች አብዝተው በተኮሱ መጠን አይጧ የምትፈራው ያነሰ ነው። ይህ ክፍል በሰውም ተመሳሳይ ሥራ እንዳለው የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ።

አሁን የእርስዎን ሰኞ እንየው። አዲሱ ትምህርት አንድ ድክመት አለበት፤ ከተማሩበት ቦታ ጋር ይጣበቃል። ማርክ ቡተን የተባለው ተመራማሪ በዚህ ላይ ብዙ ሠርቷል፦ ፍርሃት በቀላሉ ወደ አዲስ ቦታ ይዛመታል፣ የፍርሃት መብረድ ግን «እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር» የሚል አድራሻ ተጽፎበት ይቀመጣል፤ አድራሻውን በማስቀመጥ ሂፖካምፐስ ድርሻ አለው። እርስዎ የተማሩት በለመዱት ክፍል ነበር። ሌላ ሕንፃ ሲገቡ አንጎልዎ ሁለት ትምህርቶችን አነጻጸረ፤ አንደኛው የትም የሚሠራ፣ ሌላው የአንድ ክፍል ብቻ። እንቅልፍ ማጣቱም ከጎኑ ቆሟል፤ እንቅልፍ አዲሱን ትምህርት በማጽናት ሥራ ላይ ድርሻ አለው፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ የፊት አንጎሉ አሚግዳላውን የሚገታበት ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ የተገነባው አልፈረሰም፣ ገና በአንድ ክፍል ብቻ ነው የተገነባው። ባለሙያዎች ልምምዱን በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ሰዓትና ከተለያዩ ሰዎች ጋር የሚያስደርጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ኪኒኑ ሁለት ነገር ለይቼ ልናገር። ከቤንዞዲያዜፒን ወገን ከሆነ፣ ይህ ወገን ፍርሃትን በደቂቃዎች ቢያበርድም በልምምዱ ሰዓት ሲወሰድ ትምህርቱን ሊያዳክም እንደሚችል ያሳሰቡ ተመራማሪዎች አሉ፤ አንጎል «ምንም አልሆነም» የሚለውን ለመመዝገብ በተወሰነ ደረጃ መንቃት ያስፈልገዋልና። ለወራት በየቀኑ ከሚወሰዱት እንደ ሲታሎፕራም ካሉት መድኃኒቶች ጋር ግን መምታታት የለበትም፤ እነዚያን ከንግግር ሕክምና ጋር ጎን ለጎን የሚወስዱ ብዙ ሰዎች አሉ። ሳይወስዱት ኪስ ውስጥ መዳሰሱም በራሱ አንድ ነገር ይሠራል፤ ስብሰባው በሰላም ሲያልቅ አንጎልዎ ምስጋናውን ለኪሱ ይሰጣል። ይህንን ጽፌ ግን «ነገ ጣሉት» አላልኩም። በቋሚነት የሚወስዱት ከሆነ ያለ ሐኪም ድንገት ማቋረጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ለባለሙያዋና ላዘዘልዎት ሐኪም ይንገሩ፤ የሚቀነሰውም የሚቆየውም ከእነርሱ ጋር ተመክሮ ነው።

ሊፍት ፈሪ

ኪኒኑን በተመለከተ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ባለሙያው ሲሰማ አልተቆጣኝም፤ መጀመሪያ ኪኒኑን ከኪሴ ወደ ቦርሳዬ፣ ከዚያ ቦርሳውን ከእጄ ወደ መሳቢያ፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ መሳቢያውን ከቢሮ ወደ ቤት አደረግነው። በየደረጃው ቁጥር ጻፍኩ። ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ ለሦስት ሳምንት በኪሴ ይዤ እንደነበር ስነግረው ግን ሳቀ፤ «እሱም ይጻፍ» አለኝ፤ ተጻፈ።

እንቅልፍ አጥ

ነገርኳት። አልተገረመችም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጄ ወደ ቀኝ ኪሴ እንደሚሄድ አስተውላ፣ እኔው እስክነግራት ስትጠብቅ ነበር። ሐኪሙንም በስልክ አነጋግረነዋል፤ በቋሚነት ስለማልወስደው ከስብሰባ በፊት ያለውን ግማሽ መተው እንደምችል ነግሮኛል።

ዛሬ በዚያው በሌላኛው ሕንፃ ተናገርኩ። ደብተሬ ላይ ከመግባቴ በፊት የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ 90። ሰዎች ያዩብኛል፣ 85። አንድ ሰው ይስቃል፣ 70። መጨረስ አቅቶኝ እወጣለሁ፣ 60።» ከወጣሁ በኋላ ከጎኑ የጻፍኩት፦ «ድምፄ ተንቀጥቅጧል፣ የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ያህል። አይተውብኝ እንደሆነ አላወቅሁም። የሳቀ የለም። በስተኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ እጃቸውን ሲያወጡ ልቤ ቀጥ አለ፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ቁጥር እንድደግምላቸው ነው የፈለጉት። ደገምኩላቸው።» የሚቀጥለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፤ በሌላ ፎቅ።